ስለ ሶሪያሲስ የቀረቡ ጥያቄዎችና የአንድ ደሴ የሚሠሩ የቆዳ ሐኪም መልሶች

ሐኪሙ፦ ዛሬ ቆዳን ቅርፊት ስለሚያስወጣው ሕመም ስለ ሶሪያሲስ፣ በተለይም የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲው የቆዳ ሐኪም ጆኤል ጌልፋንድ ከባልደረቦቻቸው ጋር ስላሳተሟቸው ጥናቶች የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። አስቀድሜ አደራ የምለው ግን ያለ ቆዳ ሐኪም ትእዛዝ ለዚህ ሕመም የኮርቲዞን መርፌም ሆነ ኪኒን እንዳትወስዱ ነው።

ጠያቂ ከሆጤ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ክርኔና ጉልበቴ ላይ የሚረግፍ ነጭ ቅርፊት አለ። ጎረቤቶቼ ሥጋ ደዌ ነው ብለው ከእኔ ጋር በአንድ ማዕድ መብላት ትተዋል። ይተላለፋል?

ሐኪሙ፦ ሶሪያሲስ ከሆነ በመብላትም፣ በመተቃቀፍም፣ በልብስም አይተላለፍም። ሰውነትን የሚጠብቀው የመከላከያ ሥርዓት ከልክ በላይ ሲነሣሣ፣ አንድ ወር ያህል ሊፈጅ የሚገባው የቆዳ መታደስ በጥቂት ቀናት ይጠናቀቅና ያልበሰለው ቆዳ ተደራርቦ ቅርፊት ይሆናል። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ብዙ ጊዜ ጎልቶ ስለማይታይና ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ጥቁር ቡናማ ስለሚያደላ፣ ከመጽሐፍ ሥዕል ጋር ብቻ የሚያስተያይ ሰው ይሳሳታል። ሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣና ነርቭን የሚጎዳ ነው፤ በጥጥ ጫፍ ቁስሉን ነካ ሲያደርጉት ብዙውን ጊዜ ይደነዝዛል፤ የሶሪያሲስ ቆዳ ግን ንክኪው ይሰማዋል። በአውሮፓም ሁለቱ ለዘመናት ሲምታቱ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ1841 የቪየናው ሐኪም ፈርዲናንድ ፎን ሄብራ ለይተው አስቀምጠዋቸዋል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄደው ይመርመሩ። የቦታው ስም ከሥጋ ደዌ ጋር ስለሚነሣ ብቻ ከመሄድ መቅረት ራስን መጉዳት ነው።

ጠያቂ ከፒያሳ፦ ጥሩ ቅባት ይንገሩን።

ሐኪሙ፦ ለማን? ለራስ ቅል ነው፣ ለፊት ነው፣ ወይስ ለብልት አካባቢ? ለሕፃን ነው ለአዋቂ? እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ የለኝም።

ጠያቂ ከኮምቦልቻ፦ ጌልፋንድ ቆዳን ከልብ ጋር ያገናኛሉ ሲባል ሰማሁ። ምን አገናኛቸው?

ሐኪሙ፦ በጣም የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ጥናታቸው በብሪታንያ የሕክምና መዛግብት ውስጥ ያሉ ከ130,000 የሚበልጡ የሶሪያሲስ ሕሙማንን ሕመሙ ከሌለባቸው ሰዎች ጋር አነጻጽረዋል። ሲጋራ፣ ደም ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል ከተሰሉ በኋላ እንኳ፣ ሕመሙ የጠናበት የ30 ዓመት ሰው በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ሕመሙ ከሌለበት እኩያው ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል፤ በ60 ዓመት ዕድሜ ግን ልዩነቱ ወደ 1.36 እጥፍ ዝቅ ይላል። እንዲህ ያለ ጥናት ዝምድናን እንጂ መንስኤን ብቻውን አያረጋግጥም፤ ሆኖም ቆዳን የሚያቃጥለው ብግነት በደም ሥሮችም ላይ እንደሚሠራ የሚጠቁም በመሆኑ፣ ሕመሙ የጠናበት ሰው ሁሉ የደም ግፊቱንና ስኳሩን መለካት ይገባዋል። መገጣጠሚያው የሚያብጥና ጠዋት የሚተሳሰር ሰውም እንዲሁ ለሐኪሙ ይንገር፤ ሶሪያሲስ መገጣጠሚያን ያበላሻል።

አባል ከኮምቦልቻ፦ እኔ ደሴ ሳለሁ ይብስብኝ ነበር፤ ኮምቦልቻ ወርጄ በሙቀቱ ዳንኩ።

አባል ከሰኞ ገበያ፦ የእኔ ወንድም እዚያው ኮምቦልቻ እየኖረ ነው የባሰበት። ሙቀት መድኃኒት ቢሆን ኖሮ አፋር ውስጥ ሶሪያሲስ ባልኖረ ነበር።

አባል ከኮምቦልቻ፦ የራሴን ነው የተናገርኩት እንጂ ስለ ሁሉም አላልኩም።

ሐኪሙ፦ ሁለታችሁም ሙቀትን ከብርሃን ጋር ቀላቀላችሁት። ብዙዎችን የሚረዳው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው፤ በሕክምና የምንጠቀምበትም በ311 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ጠባብ ክፍሉ ነው። ጌልፋንድ የመሩትና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ጥናት 783 ሰዎችን በቤትና በክሊኒክ ከፍሎ ለ12 ሳምንታት በዚህ ብርሃን አክሟል። ቆዳቸው የጠራላቸው ወይም ሊጠራ የተቃረበላቸው በቤት 32.8 በመቶ፣ በክሊኒክ 25.6 በመቶ ነበሩ፤ ጥቁር ቆዳ ባላቸውም ላይ የቤቱ ሕክምና ከክሊኒኩ አላነሰም። ከወረኢሉ በሳምንት ሦስት ቀን ደሴ ድረስ መመላለስ ለማይችል ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ይሁንና መጠኑ የሚወሰነው በሐኪም ነው፤ ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ሕክምና አይደለም፤ የተቃጠለ ቆዳ ላይ አዲስ ሶሪያሲስ ይወጣል።

ጠያቂ ከአራዳ፦ መርፌ ተወግቼ በሳምንት ጠፍቶልኝ ነበር። አሁን መላ ሰውነቴን ወረረው። ልድገመው?

ሐኪሙ፦ መግቢያዬን አላነበቡትም ማለት ነው። አይድገሙ። ኮርቲዞን ለጊዜው ያጠፋዋል፤ ሲቆም ግን ሕመሙ ብሶ ሊመለስ፣ መግል ሊቋጥር ወይም ቆዳን በሙሉ ሊያቀላ ይችላል፤ ይህ ሕይወትን የሚያሰጋ ነው። ነገ ሳይሉ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።

ጠያቂ ከሮቢት፦ ጠበል ብጠመቅስ?

ሐኪሙ፦ ይጠመቁ፤ መድኃኒትዎን ግን አያቋርጡ።

ጠያቂ ከቧንቧ ውሃ፦ ለእናቴ ሜቶትሬክሴት ታዝዞላታል። በየቀኑ ብትወስደው ቶሎ አይሻላትም?

ሐኪሙ፦ በፍጹም! ለሶሪያሲስ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በየቀኑ የወሰዱ ሰዎች መቅኒያቸው ተጎድቶ ሞተዋል። ፓኮው ላይ «ሰኞ ብቻ» ብለው በትልቁ ይጻፉ፤ የገበያ ቀን ስለሆነ አትረሳውም። የታዘዘላትን ፎሊክ አሲድ አትተው፤ የጉበትና የደም ምርመራዋንም በቀጠሮዋ ታድርግ። በየቀኑ መውሰድ ጀምራ ከሆነ ግን ቀሪውን ኪኒን ይዛችሁ አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።