ርግብ ማርባት ለሰው ምን ያደርጋል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶች

«ርግብ ማርባት ከጀመርኩ ወዲህ ኑሮዬ ተቀየረ» የሚሉ ሰዎች ምን ማለታቸው እንደሆነ፣ መጀመር የሚፈልግስ ምን ማወቅ እንዳለበት ብዙዎቻችሁ ጠይቃችኋል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። የርግቡ ቤት አያያዝና የአርቢው ጤና ላይ ረዘም ብያለሁ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና።

ጥያቄ፦ ርግብ ማርባት በእውነት ጭንቀት ይቀንሳል ወይስ ወሬ ነው?

ርግብ መድኃኒት አይደለችም። ሰውን የሚለውጠው ሰዓቱ ነው። ጠዋትና ማታ ጥሬ ይፈልጋሉ፣ ውሃቸው በየቀኑ መቀየር አለበት፣ ይህ ደግሞ አንተ ደስ ቢልህም ቢከፋህም አይቀርም። ሥራው ትንሽ ነው፤ ግን ከአልጋ ያስነሳል፣ ከቤት ያስወጣል፣ ማታም በጊዜ ወደ ቤት ይመልሳል። ሁለተኛው ጥቅም ዓይን ማሠልጠኑ ነው። የታመመችን ርግብ ከጤነኛዋ ለመለየት አሥር ደቂቃ ዝም ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ስልክ እየነካኩ አይሆንም። ሐሳብ የበዛበት ሰው ልቡ የሚያርፈው በእነዚህ ደቂቃዎች ነው።

ነገር ግን ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ የነሳህ፣ መኖር ያስጠላህ ድባቴ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂድ። ርግቡ ከሕክምናው ጎን እንጂ በሕክምናው ፋንታ አይሆንም።

ጥያቄ፦ በቀን ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ሠራተኛ ነኝ።

ለአራት ጥንድ ጠዋት 20 ደቂቃ፣ ማታ 20 ደቂቃ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ለጽዳት። ጠዋቱ እንዲህ ይሂድ፦ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ድምፅ ግባ፣ ፉጨት ወይም ጥሬ ያለበትን ጣሳ ማንኳኳት ይሁን። ጥሬውን ከመበተንህ በፊት ማን እንዳልወረደ እይ። ላባዋን ነፍታ ጥግ የያዘች፣ ክንፏን የጣለች፣ ለምግብ ያልቸኮለች ካለች ዛሬ መያዝ ያለባት እሷ ናት። ቀጥሎ ኩሱን ተመልከት። የጤነኛ ርግብ ኩስ ጠጠር ያለ፣ ቡናማና ጫፉ ላይ ነጭ ያለበት ነው። አረንጓዴና ውሃ የሆነ ኩስ ወይ አልበላችም ወይ ታማለች ማለት ነው።

የውሃ ዕቃውን ደፍተህ ብቻ አትሙላው፤ ውስጡን በጣትህ ዳብስ። የሚያንሸራትት ከሆነ በብሩሽ ይታጠብ። ርግብ እንደ ዶሮ ጎንጭታ አንገቷን ቀና አታደርግም፤ ምንቃሯን ነክራ ትስባለች። ስለዚህ ውሃው ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው።

ጥያቄ፦ ምን ላብላቸው? በምን መጠን?

ለአንዷ በቀን ከ30 እስከ 40 ግራም ጥሬ ይበቃል። ለማይወልዱት በክብደት 3 እጅ በቆሎ፣ 2 እጅ አተር፣ 2 እጅ ስንዴ፣ 2 እጅ ማሽላና 1 እጅ ገብስ ቀላቅል። ጫጩት ለሚያሳድጉት አተሩን ወደ 3 አሳድገህ ማሽላውን ወደ 1 ዝቅ አድርገው፤ ፕሮቲን ስለሚያስፈልጋቸው ነው። ጥሬው ደረቅ ይሁን። የሻገተ በቆሎ ጉበታቸውን ይጎዳል፤ «ትንሽ ነው» ብለህ አትቀላቅለው።

መጠኑን ከሚዛን በላይ የሚነግርህ ገብስ ነው። ርግብ ገብስን የምትበላው በመጨረሻ ነው፤ ገብሱን መተውና ወደ ውሃው መሄድ ሲጀምሩ ጠግበዋል፣ የቀረውን አንሳ። ቀኑን ሙሉ ጥሬ ፊታቸው ከተቀመጠ መርጠው ይበላሉ፣ ይወፍራሉ፣ ስትጠራቸውም አይመጡም፤ አይጥም ይለምዳል።

ጥርስ ስለሌላቸው ጥሬውን በሆዳቸው የሚፈጭላቸው ጠጠር ነው። ደቃቅ ጠጠርና ታጥቦ፣ በሙቀት ደርቆ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ለየብቻ አቅርብላቸው። ቅርፊቱ ለእንቁላላቸው ካልሲየም ይሰጣል፤ ይህን ያላገኘች ሴት ቅርፊቱ የሳሳ እንቁላል ትጥላለች።

ጥያቄ፦ ዳቦ ይበላሉ?

ይበላሉ፤ አይጠቅማቸውም። አትስጣቸው።

ጥያቄ፦ ቤታቸው እንዴት ይሠራ? ቦታዬ ጠባብ ነው።

ለአራት ጥንድ 2 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ ሰው ቆሞ የሚገባበት ይሁን። ጎንበስ ብለው የሚገቡበት ቤት በደንብ አይጸዳም። ወለሉን ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው፤ እርጥበት አይወጣበትም፣ አይጥም ከሥር አይደበቅም። የሽቦው ቀዳዳ ከ13 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ለእያንዳንዱ ጥንድ ስፋቱ 60፣ ጥልቀቱና ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን፣ ውስጡም ሁለት የጎጆ ሳህን አስቀምጥ። ሁለት የሚሆነው የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች ጎጆውን ሳይለቁ ሴቷ እንደገና ልትጥል ስለምትችል ነው። አንድ ሳህን ብቻ ካለ ጫጩቶቹ አዲሱን እንቁላል ይረግጡታል።

ጀማሪ የሚሳሳተው አየር ላይ ነው። ብርድ ፈርቶ ይዘጋዋል። ርግብ ብርድ ትችላለች፤ የማትችለው እርጥበትና የታፈነ አየር ነው። ከታች አየር ማስገቢያ፣ ከላይ ከጣራው ሥር ማስወጫ ተው፤ ግን ነፋሱ በቀጥታ መስፈሪያቸው ላይ አይምጣ። ጠዋት በሩን ስትከፍት አፍንጫህን የሚቆጠቁጥ ሽታ ካለ ወይ ርግቡ በዝቷል ወይ አየሩ አንሷል።

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለኝ፤ ከስልክ ትላቀቅልኝ ብዬ ነው። ምን ትማርበታለች?

እህቴ፣ ደብተር ስጫትና ቀን ትቁጠር። ርግብ ሁለት እንቁላል ትጥላለች፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 44 ሰዓት ያህል ዘግይቶ ይመጣል። መታቀፉን ይፈራረቃሉ፦ ወንዱ ከረፋድ እስከ ከሰዓት በኋላ፣ ሴቷ ከዚያ ጀምሮ ሌሊቱን እስከ ጠዋት። ልጅሽ በሰዓት ይዛ ብትመለከት ተረኛው ሲለዋወጥ ታያለች። በአምስተኛው ቀን እንቁላሉን ጨለማ ውስጥ በባትሪ ብርሃን ብታይው ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፤ ጥርት ያለ ከሆነ ዘር የለውም። ሁለተኛው በተጣለ በ18ኛው ቀን ገደማ ይፈለፈላሉ።

ከዚያ የሚመጣው ለትልቅ ሰውም ይገርማል። እናትም አባትም ጉሮሯቸው ሥር ባለው የምግብ ከረጢት ውስጥ አይብ የመሰለ ወተት ያመነጫሉ። ጫጩቱ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚኖረው በዚያ ብቻ ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል። በሳምንቱ ገደማ ቁጥር ያለው ቀለበት ይገባለታል፦ ሦስቱን የፊት ጣቶች አንድ ላይ ሰብስበሽ ቀለበቱን ታሳልፊያለሽ፣ የኋላዋን ጣት ወደ እግሩ አስጠግተሽ ከቀለበቱ ውስጥ ቀስ ብለሽ ታወጫታለሽ። ብትዘገዪ እግሩ ይወፍርና አይገባም፤ ብትቸኩዪ ወልቆ ይወድቃል። በአራት ሳምንት ራሱን ችሎ ይበላል።

አንዳንዱ ጫጩት ይሞታል። አትደብቂያት፤ ደብተሯ ላይ ትጻፈው። ጥሬ መስጠትና መመዝገብ የእሷ ሥራ ይሁን፤ ኩስ መፋቅ ግን የአዋቂ ነው።

ጥያቄ፦ አድገው የተገዙ ርግቦችን ለአንድ ወር ዘግቼ ለቀቅኋቸው፤ ሁሉም ጠፉ። ለምን?

አልጠፉም፤ ወደ ተወለዱበት ሄደዋል። አንዴ ከቤቷ በርራ የለመደች ርግብ በወር አትረሳም፣ ከዓመት በኋላም ልትመለስ ትችላለች። አድገው የተገዙትን ዘግተህ አስወልዳቸው፤ የምትለቀው ልጆቻቸውን ነው። ጫጩቶቹ ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት ሲሆናቸው፣ ክንፋቸው ገና ሳይጠነክር፣ ከመግቢያው ፊት ባለ የሽቦ ሳጥን ውስጥ ለአንድ ሳምንት አካባቢውን ይዩ። ከዚያ የማታውን ጥሬ ሳትሰጥ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ክፈትላቸውና እየጠራህ ጣሳውን አንኳኳ። የጠገበ ጫጩት ጣራ ላይ ያድራል፤ ጣራ ላይ ያደረውን ደግሞ ድመት ይጠብቀዋል።

ጥያቄ፦ ከሩቅ እንዲመለሱስ እንዴት ይሠለጥናሉ?

መጀመሪያ ለሳምንታት ቤቱን ዙሪያ ይብረሩ። ከዓይን ተሰውረው ለግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው መመለስ ሲጀምሩ ዝግጁ ናቸው። ከዚያ በቅርጫት 2፣ 5፣ 10፣ 20፣ 40 ኪሎ ሜትር እያልክ አርቃቸው፤ አንዱን ርቀት ሁለት ሦስት ጊዜ ሳይደግሙ ወደሚቀጥለው አትለፍ። ቦታው ስትደርስ ወዲያው አትክፈት፤ ሩብ ሰዓት ቅርጫቱ ውስጥ ሆነው ሰማዩን ይዩ። ጉም፣ ዝናብ ወይም ኃይለኛ ነፋስ ካለ ይዘሃቸው ተመለስ። አቅጣጫ የሚያገኙት በፀሐይ ነው፤ የምድር መግነጢስ፣ ሽታና የሚያውቁት መልክዓ ምድርም ያግዛቸዋል። ፀሐይ የተጋረደችበት ቀን ለጀማሪ ርግብ ከባድ ነው።

ስለ ሰው ለውጥ ለጠየቃችሁም መልሱ በከፊል እዚህ ነው። ቅርጫቱን ከፍቶ ወደ ቤት የተመለሰ ሰው ሰማይ ሰማይ እያየ ከመጠበቅ በቀር ማድረግ የሚችለው የለም፤ ትዕግሥት የሌለው ሰው እዚህ ላይ ይፈተናል።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ ጊዜ ማባከን ነው ይሉኛል።

ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. ከ1855 ጀምሮ ቤቱ ርግብ ያረባ ነበር፤ የለንደን የርግብ አርቢዎች ማኅበራትም አባል ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ዝርያዎች አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ ሰፊውን ቦታ ከያዙት ማስረጃዎች አንዱ ርግብ ነው። ጓደኞችህን ለማሳመን ግን አትድከም፤ አንድ ቀን ማታ ጥሬ ሲበተን ጥራቸው።

ጥያቄ፦ አስም አለብኝ። ማርባት እችላለሁ?

ሐኪምህን ሳትጠይቅ አትጀምር። አስም ለሌለውም ቢሆን ይህን መልስ አንብቡት፤ ስለ ርግብ ጥቅም ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ይህ ነው። ከላባቸው የሚወጣው ነጭ ብናኝና የደረቀ ኩስ አቧራ በአንዳንድ ሰው ሳንባ ላይ የአለርጂ ቁጣ ያስነሳል፤ «የርግብ አርቢ ሳንባ» ይባላል። ምልክቱ ቤቱን ካጸዱ ከ4 እስከ 8 ሰዓት በኋላ የሚመጣ ሳል፣ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የትንፋሽ ማጠር ነው። ሰዓታት ዘግይቶ ስለሚመጣ ሰው ጉንፋን ይመስለዋል። ለዓመታት ችላ ካሉት ሳንባው ላይ የማይድን ጠባሳ ይተዋል። እንዲህ ከሆንክ ለሐኪሙ «ርግብ አረባለሁ» በል፤ ካልነገርከው ላይጠረጥረው ይችላል።

መከላከያው ቀላል ነው። ኩሱን ከመፋቅህ በፊት ውሃ እርጨው፤ ደረቁን አትጥረግ። ተራ ጨርቅ ሳይሆን ኤን 95 ማስክ አድርግ። ለርግቡ ቤት የተለየ ካፖርትና ኮፍያ ይኑርህ፣ መኖሪያ ቤት አይግባ። በሽታ የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች፣ ለምሳሌ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ፣ ጽዳቱን ሌላ ሰው ይሥራላቸው፤ ኩሱ ውስጥ ሳንባንና አንጎልን የሚያጠቃ ፈንገስ ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ አንዷ አንገቷ ይጣመማል፣ ጥሬውን ስትለቅም ትስተዋለች። ሌላዋ አፏ ውስጥ ቢጫ ነገር አለ።

የመጀመሪያዋ የፓራሚክሶ ቫይረስ ምልክት ነው፤ ብዙ ጊዜ ውሃ የበዛበት ኩስም አብሮ ይታያል። ዛሬውኑ ለይተህ አስቀምጣት። መድኃኒት የለውም፤ ግን ጥልቅ ባለ ዕቃ ጥሬና ውሃ እየሰጠህ ብትንከባከባት ልትድን ትችላለች። ጤነኞቹን በየዓመቱ የሚያስከትብልህ የእንስሳት ሐኪም ነው።

ሁለተኛዋ ትሪኮሞናስ የሚባል ጥገኛ ሕዋስ ሊሆን ይችላል። በመጠጥ ውሃና ወላጅ ጫጩቱን ሲያበላ ይተላለፋል። ቢጫውን በእንጨት አትቆርቁረው፤ ይደማና ትታነቃለች። በሜትሮኒዳዞል ዓይነት መድኃኒት ይድናል፤ መጠኑን ሐኪሙ በክብደቷ ይወስን። ርግቧ ለምግብ የምትታረድ ከሆነ ግን ይህ መድኃኒት አይሰጣትም።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ልጆቼም ርቀዋል። በዚህ ዕድሜ መጀመር አይከብደኝም?

አይከብድዎትም፤ ግን በአራት ጥንድ ይወሰኑ፣ መሰላል የሚያስወጣ ቤት አያሠሩ፣ ጥሬውንም በትንንሽ ከረጢት ይግዙ። በደንብ የተያዘች ርግብ ከ10 ዓመት በላይ ስለምትኖር እርስዎ ቢታመሙ ማን እንደሚረከባቸው ዛሬውኑ ይነጋገሩ። ብቸኝነትን የሚያቃልለው ደግሞ ወፎቹ ብቻ አይደሉም። ርግብ አርቢ የጠፋች ርግብ ይመልሳል፣ ጥንድ ይለዋወጣል፣ ስለ በሽታ ይጠያየቃል፤ በዚህ ምክንያት በርዎን የሚያንኳኳ ሰው ይበዛል።

ጥያቄ፦ በአንድ ዓመት ከስምንት ወደ ሠላሳ ደረሱብኝ!

አንድ ጥንድ በዓመት ስድስት ሰባት ጊዜ ሊፈለፍል ይችላል፤ ካልገታኸው መጨናነቁ በሽታ ያመጣል፣ ደስታውም ወደ ምሬት ይለወጣል። እንቁላሉን ዝም ብለህ አትውሰድ፤ በሳምንት ከምናምን ሌላ ይጥላሉ፣ ሴቷም ትደክማለች። ሁለተኛው በተጣለ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ እንቁላል ቀይራቸው። ሦስት ሳምንት ገደማ ታቅፈው ራሳቸው ይተውታል። ክረምት ከበጋ ማስወለድም ይቅር፤ ላባ በሚቀይሩበት ወራት ወንዱንና ሴቷን ለየብቻ አድርግ።

ጥያቄ፦ ለአንድ ሳምንት መንገድ ልሄድ ነው። ጥሬና ውሃ ሞልቼ ብሄድስ?

አይሆንም። ጥሬው ቢቆይ ውሃው አይቆይም፤ ኩስ ይገባበታል፣ ይደፋል። በቀን አንድ ጊዜ የሚመጣ ሰው ያስፈልጋል። ከመሄድህ ሁለት ቀን በፊት ጠርተህ አንተ እያየህ እሱ ያብላቸው። የየቀኑን ጥሬ መዝነህ በሰባት ከረጢት ቋጥር፤ «እፍኝ ስጣቸው» አትበለው፣ የሰው እፍኝ ይለያያል። እስክትመለስ ውጭ አይለቀቁ። በሩ ላይ ሦስት ነገር ጻፍለት፦ ውሃውን አጥቦ መቀየር፣ ርግቦቹን መቁጠር፣ ያልወረደች ካለች መደወል።