የድሮ የእንግሊዝ ቤተሰብ የዘር ሐረግ ለምትፈልጉ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

የ16ኛውንና የ17ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ቤተሰብ ሐረግ ስታጠኑ አስቀድማችሁ የምትገልጡት የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው፤ እሱም የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል እ.ኤ.አ. በ1538 ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር በየአጥቢያው እንዲጻፍ ካዘዘ በኋላ የተጀመረ ነው። ይሁንና ብዙ ጊዜ እጃችሁ የሚገባው ግልባጭ መሆኑን አትርሱ። በ1598 የወረቀቱ መዝገብ በብራና እንዲገለበጥ፣ በተለይም ኤልሳቤጥ 1ኛ ከነገሠችበት ከ1558 ወዲህ ያለው እንዲጻፍ በመታዘዙ፣ ብዙ ገልባጮች የፊተኛዎቹን 20 ዓመታት ትተዋቸዋል።

በወጣትነቴ የሠራሁትን ስሕተት ልንገራችሁ። የአንድ ባልና ሚስት ጋብቻ ጁን 1612፣ የበኩር ልጃቸው ጥምቀት ግን ፌብሩዋሪ 1612 ተብሎ ስላገኘሁት፣ ልጁ ከጋብቻ በፊት የተወለደ ነው ብዬ ጻፍኩ። ሥራዬን ያዩ አንድ አዛውንት ምንም ሳይናገሩ መዝገቡን ገልጠው፣ ዲሴምበር 1612 ከዚያ ፌብሩዋሪ በላይ መጻፉን በጣታቸው አሳዩኝ። ለካ ከ1752 በፊት በእንግሊዝ ዓመቱ በይፋ የሚለወጠው በማርች 25፣ በብሥራት በዓል ነበርና ያ ፌብሩዋሪ በዛሬው አቆጣጠር 1613 ነው። ዓመቱን በመስከረም ሲለውጥ ያደገ ሰው ይህን መሳቱ ዛሬም ያሳፍረኛል።

የስም መመሳሰልም አያታልላችሁ፤ በአንድ መንደር ሦስት ጆን ቢገኙ የሚለያቸው አብዛኛውን ጊዜ ኑዛዜ ነው። እስከ 1858 ድረስ ብዙ የባለሀብት ኑዛዜ የጸደቀው በካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት ሲሆን፣ መዝገቡ ዛሬ ለንደን ውስጥ በኪው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። ከዚያ ውስጥ የዊልያም ሼክስፒርን የ1616 ኑዛዜ ተመልከቱ። ለእኅቱ ለጆዋን 20 ፓውንድና የሚለብሰውን ልብስ ሁሉ፣ ለሦስቱ ልጆቿም ለእያንዳንዳቸው 5 ፓውንድ ሲያወርስ፣ የአንደኛው ስም መግቢያ ባዶ ቀርቷል፤ ምናልባት ያን ጊዜ ትዝ አላለው ይሆናል። የጎደለውን “ቶማስ” የሚለውን ስም የምናገኘው ከስትራትፎርድ የጥምቀት መዝገብ ነው።

የሼክስፒር የራሱ ዘር የልጅ ልጁ ኤልሳቤጥ በ1670 ስትሞት ተቋርጧል። ስለዚህ ከእሱ በቀጥታ እወለዳለሁ የሚል ሰው ቢመጣባችሁ አትሳቁበት፤ ስለ ጆዋን ልጆች ጠይቁት።