አልፈታም ያለ ቡሎን

ልጆቼ፣ አዳማ ውስጥ የመኪና ኤሲ (ማቀዝቀዣ) ስሠራ ፀጉሬ ሸብቷል። ጋዝ መሙላት ቶሎ ይለመዳል። የአንድ ሰው ሙያ የሚታየው አልፈታም ያለ ቡሎን ሲገጥመው ነው። በየጋራዡ ስትታገሉት አያለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደያዘ እወቁ። ጋዙን የሚጨምቀው የኮምፕሬሰሩ አካልና ቱቦዎቹ አሉሚኒየም ናቸው፣ ቡሎኑ ደግሞ ብረት። ሁለቱ ተነካክተው እርጥበት ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል። ጨው ካለበት ደግሞ ይብሳል። ቡሎኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ካያችሁ ያ የአሉሚኒየም ዝገት ነው። ጥርሱ መሃል ገብቶ ያብጥና ቡሎኑን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ከጅቡቲ በሚመጡ መኪኖች ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ወጣት ሳለሁ አዋሽ የሚመላለስ ሚኒባስ መጣልኝ። ቱቦውን የጋለውን ጋዝ ከሚያቀዘቅዘው ከኮንደንሰሩ ጋር የያዘው በ10 ቁልፍ የሚፈታ ቡሎን ነበር፤ ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር ብቻ። ሹፌሩ ቸኩሏል፣ እኔም ቸኮልኩ። ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቼ ጎተትኩ። መጀመሪያ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ በድንገት ለስለስ አለ፣ እንደ ማስቲካ። ተፈታ ብዬ ደስ አለኝ። ጭንቅላቱ ተቆርጦ ቁልፉ ውስጥ ቀረ።

ያንን ልስላሴ እጃችሁ ይወቀው። የሚፈታ ቡሎን ቋ ብሎ ይለቃል። ለስልሶ የሚዞረው ግን እየተጠማዘዘ ነው። ሲሰማችሁ ወዲያው አቁሙ።

ከመስበሬ የባሰው ቀጥሎ ያደረግሁት ነው። በማጣበቂያ ደፍኜ፣ ጋዝ ሞልቼ፣ ሂሳብ ተቀብዬ ሸኘሁት። በሦስተኛው ቀን ጋዙ አልቆ ተመለሰ። አልጮኸብኝም። «ወንድሜ፣ ከተሰበረ ለምን አልነገርከኝም?» ብቻ አለኝ። ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። እናንተ ቁልፍ ሳታነሱ በፊት ለባለቤቱ ቡሎኑን አሳዩት። «ይህ ሊሰበር ይችላል፣ ጊዜ ስጡኝ» በሉት። አብዛኛው ሰው ይረዳል።

ጊዜ ካገኛችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ። ጋዙን በማሽን አውጡ፣ አየር ላይ አትልቀቁት። አር 134 ኤ የሚባለው የኤሲ ጋዝ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ነገር ነው፤ ዓይን ያጠፋል፣ ቆዳ ያቃጥላል። መነጽር አድርጉ። ከዚያ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አጽዱና ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ርጩበት። ቢቻል ይደር። ጠዋት ጭንቅላቱን በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱት፣ ዘይቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ጭንቅላቱ ላይ የሚገባው ቡሶላ ባለ ስድስት ማዕዘን ይሁን፤ ባለ አሥራ ሁለቱ የተበላ ጭንቅላት ላይ ይሾልካል። መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው ትንሽ ነቅነቅ፣ ከዚያ ወደ መፍቻው። ሩብ ዙር ከሄደ ግማሹን መልሱት፣ ዘይት ጨምሩ፣ ቀጥሉ። ያሰለቻል፣ አውቃለሁ።

ሙቀትም ይረዳል፤ አሉሚኒየም ከብረት እጥፍ ገደማ ስለሚለጠጥ ቡሎኑን ይለቀዋል። ግን በሙቅ አየር መንፊያ ይሁን፣ ዘይቱንም መጀመሪያ ጥረጉት። የኤሲ ቱቦ አጠገብ እሳት አታንድዱ። የቀረ ጋዝ ነበልባል ካገኘው ሳንባ የሚጎዳ መርዝ ይሆናል። በዚህ ድርድር የለኝም።

ቱቦው በዳዶ የታሰረ ከሆነ ሁለት ቁልፍ ያዙ፣ አንዱ ደግፎ ሌላው ይፍታ። በአንድ ቁልፍ ከሆነ ቱቦው አብሮ ይጠመዘዛል። የተከፈተውን አፍ ደግሞ ወዲያው ድፈኑ። የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ እዚህ የተተከሉት በምክንያት ነው። አቧራው ከገባ ኮምፕሬሰሩን ይፈጨዋል። የኮምፕሬሰሩም ዘይት እርጥበት ይስባል።

ያን ሚኒባስ በነፃ ሠራሁለት። የተሰበረውን መሃሉን በነጥብ መቺ ምልክት አድርጌ፣ በቀጭን መሰርሰሪያ ጀምሬ በሳሁት። መሰርሰሪያው ከብረቱ ተንሸራቶ ወደ ለስላሳው አሉሚኒየም መሄድ ይወዳል፤ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ጥርሱን አጽድቼ፣ አዲስ ጎማ ቀለበት አድርጌ፣ አዲሱን ቡሎን ጥቂት ግራሶ ቀብቼ አሰርኩት፣ ከልክ በላይ ሳላጠብቅ።

ከዓመታት በኋላ ሹፌሩ ያንኑ መኪና ይዞ መጣ፣ በሌላ ብልሽት። ያንን ቡሎን አጭሯን ባለ 10 ቁልፍ አግብቼ ጫን አልኩት። ቋ አለና ለቀቀ። የቀረውን በጣቴ አዙሬ አወጣሁት።