ሌትዌይ ላይ ሁለቱም ቆመው ከጨረሱ አሸናፊ የለም?

ጥያቄህ «በሌትዌይ፣ ማለትም በበርማ (ምያንማር) ኪክቦክሲንግ፣ ነጥብ አይቆጠርም፣ ቴስታ ይፈቀዳል፣ የተዘረረም ተነስቶ ይቀጥላል የሚሉት እውነት ነው ወይስ የዩቲዩብ ወሬ?» ነው። ወንድሜ፣ ሦስቱም እውነት ነው። ሜ ሶት፣ ታይላንድና ምያንማር ድንበር ላይ ለሥራ ስኖር ከበርማ ልጆች ጋር ጂም እሠራ ነበር። ውድድርም አይቻለሁ።

ጓንት የሚባል ነገር የለም። እጅ በፋሻና በፕላስተር ይጠቀለላል፣ በቃ። ቡጢ፣ እርግጫ፣ ክርን፣ ጉልበት፣ ቴስታ ሁሉም ይቻላል። ሙዋይ ታይ (የታይላንድ ቦክስ) ላይ ቴስታ ክልክል ስለሆነ አንገት ለአንገት ሲያያዙ ጉልበትና ክርን ብቻ ነው የምትጠብቀው። እዚህ ግን ግንባሩንም መጠበቅ አለብህ።

ባህላዊው ሕግ 5 ዙር፣ እያንዳንዱ 3 ደቂቃ ነው። ካልተዘረሩ አቻ። ይሄ ጨዋታውን ይለውጠዋል፤ ሲበለጥ የነበረው 5ኛውን ዙር በእግሩ ቆሞ ከጨረሰ አልተሸነፈም። የበላዩ ደግሞ ሰዓቱ ሊያልቅበት ነውና እንደ እብድ ይገባል።

እኔን ያስደነገጠኝ የተዘረረውን ለማንቃት የሚሰጠው የ2 ደቂቃ እረፍት ነው። አንዱ ልጅ ክርን በልቶ ወደቀ። ረዳቶቹ ውሃ አፈሰሱበት፣ ጆሮውን ጎተቱት፣ እግሩን አሹት። ተነስቶ ቀጠለ! በአንድ ግጥሚያ አንዴ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ 5ኛው ዙር ላይ ደግሞ ጭራሽ የለም። እውነቱን ልንገርህ፣ ይሄ ሕግ አይዋጥልኝም። የተናወጠ ጭንቅላት በ2 ደቂቃ አይረጋም።

ከውጊያው በፊት ያለውን ግን ወድጄዋለሁ። ተፋላሚው በከበሮና በጥሩንባ መሰል መሣሪያ እየታጀበ ይጨፍራል። ከዚያ የግራ ክንዱን አጥፎ በቀኝ መዳፉ ጧ! ጧ! ያደርገዋል፤ «ና፣ ይዋጣልን» ማለት ነው። ያሸነፈውም መጨረሻ ላይ ይጨፍራል። ሙዚቃው በውጊያው መሃልም አይቆምም፤ ጡጫው ሲበረታ እሱም ይፈጥናል።

የዛሬውን መልክ ሕጉን ያስያዘው ቻ ባ ኜይን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ሄልሲንኪ ኦሎምፒክ ላይ በቦክስ የተወዳደረው። እ.ኤ.አ. በ2017 የመጣው ወርልድ ሌትዌይ ቻምፒየንሺፕ የተባለው የውድድር አዘጋጅ ግን ነጥብ አስገብቶ የ2 ደቂቃውን እረፍት አስቀርቷል። ቪዲዮ ስታይ መጀመሪያ በየትኛው ሕግ እንደሚጫወቱ አጣራ። ባህላዊውን ማየት ከፈለግህ የካናዳዊው ዴቭ ሌዱክና የበርማዊው ቱን ቱን ሚን የ2016 ሁለት ግጥሚያዎች አሉልህ፤ በመጀመሪያው አቻ ወጡ፣ በሁለተኛው ሌዱክ ቀበቶውን ወሰደ።