«የለም» ያለው ቤት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የምትማር ሐኪም፣ የጥናት ፕሮፖዛሏን ይዛ ቢሮዬ መጣች። ጥናቱ በገጠር ስላለው የሚጥል በሽታ ነው። ጥሩ ሥራ ነው። መጠይቁ ተተርጉሟል፣ ቀበሌዎቹ ተመርጠዋል፣ በጀቱ ተሰልቷል። አንድ ቦታ ላይ ግን እስክሪብቶዬ ቆመ። መጠይቁ ላይ «የለም» ካሉት ሰዎችም የተወሰኑትን ሐኪም ሊያያቸው ይገባል አልኳት።

«ዶክተር፣ በሽታው የለብንም ያሉትን ለምን እናያቸዋለን? ያለን ብር እኮ ለታመሙት እንኳ አይበቃም» አለችኝ።

መጽሐፍ ላይ ያለውን መልስ ሰጠኋት። ሴንሲቲቪቲ (መጠይቁ ከታመሙት ስንቱን እንደሚያገኝ) የሚሰላው እንዲህ ነው፣ ስፔሲፊሲቲ (ከጤነኞቹ ስንቱን ጤነኛ እንደሚል) እንዲህ ነው እያልኩ። ጻፈች፣ አመስግና ወጣች። የዚያን ቀን ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ለማንም ያላወራሁት ነገር ተነሳብኝ። ለእሷም፣ እንደሷ ጥናት ለምትጀምሩ ልጆች ሁሉም፣ እዚህ ልጻፈው።

1985 ዓ.ም. ነው። ከሕክምና ትምህርት ቤት ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ የነርቭ በሽታዎችን ቤት ለቤት እየዞረ የሚቆጥር አንድ ጥናት ውስጥ ገባሁ። ሥራው በሁለት ዙር ነበር። መጀመሪያ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ የአካባቢው ልጆች መጠይቅ ይዘው እየዞሩ ይጠይቃሉ። የሚጥለው ሰው አለ? እጁ የሚንቀጠቀጥ አለ? እግሩ የማይታዘዘው አለ? ከዚያ «አለ» የተባለበት ቤት ሁሉ ሐኪም ይሄዳል። «የለም» ከተባለባቸውም በየአሥረኛው ቤት ሐኪም ይሄድና ቤተሰቡን አንድ በአንድ ይመረምራል። ሐኪሙ እኔ ነበርኩ።

«አለ» ያሉትን ቤቶች ወደድኳቸው። ከዚያ በፊት በመጽሐፍ ብቻ የማውቀውን በሽታ በዓይኔ ያየሁት እዚያ ነው። አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቀኝ እጃቸው ቁጭ ሲሉ ይንቀጠቀጣል፣ ሲኒ ሲያነሱ ይቆማል። ፓርኪንሰን የሚባለው የአንጎል በሽታ ነው። ቤተሰቡ እርጅና ነው ብሎ ትቶታል። እጃቸውን ይዤ ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥኩ አላስታውስም። «የለም» ያሉት ቤቶች ግን ሰለቹኝ። ሁለት ሰዓት በእግር ሄጄ ጤነኛ ሰው አያለሁ። ጉልበታቸውን በመዶሻ እመታለሁ፣ ሕፃናቱ ይስቃሉ፣ እወጣለሁ።

መንገድ የሚመራኝ ልጅ ከመጠይቅ ጠያቂዎቹ አንዱ ነበር። ቦርሳዬን ተሸክሞ፣ ኪሱን በገብስ ቆሎ ሞልቶ ከፊት ከፊቴ ይሄዳል። የአገሩን ውሻ ሁሉ በስም ያውቃል። የትኛው ይናከሳል፣ የትኛው ጮሆ ብቻ ይመለሳል፣ አስቀድሞ ይነግረኛል። ዛሬም የገብስ ቆሎ ስቀምስ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ነበር። ሰማዩ ከቀትር ጀምሮ ጠቁሯል። አንድ ቤት ብቻ ቀርቶናል፣ ከወንዝ ማዶ። ከ«የለም» ቤቶች አንዱ ነው። ተሻግረን ስንደርስ ማካፋት ጀምሯል። ልጁ «ቤቶች!» ብሎ ተጣራ። እናትየዋ ወደ ደጅ ወጣች።

«ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዜር ይመስገን» አለች። «ግቡ እንጂ፣ ቡና ላፍላ።»

አልገባሁም። ከደጃፉ ላይ ሆኜ ወደ ውስጥ አየሁ። ቤቱ በጭስ ተሞልቷል። ምድጃው አጠገብ አሥር ዓመት ግድም የሚሆናት ልጅ ተቀምጣለች። ግራ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«እሷ ምን ሆና ነው?»

«እሳት ነው። ልጅ አይደለች፣ ትቸኩላለች።»

ልጅቷ ታየኛለች። ከዚያ ዓይኗ እኔ ላይ እንዳለ ቀረ። ፊቷ ላይ ምንም የለም። አፏ ብቻ ያላምጣል። ቆሎ እየበላች ነው ብዬ አሰብኩ። እጇ ላይ ግን ቆሎ አልነበረም። ይሄን አይቻለሁ። ምን ያህል ቆየች? ምናልባት ሃያ ሴኮንድ፣ ምናልባት ከዚያ በላይ። ልጁ ከኋላዬ «ዶክተር፣ ወንዙ ይሞላብናል» አለኝ።

ቅጹን እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሜ ሞላሁት። ሰባት ሰው። ሰባት ጊዜ «ጤነኛ» ብዬ ጻፍኩ። አንዱንም በእጄ አልነካሁም። ፈረምኩና ሄድኩ። ወንዙን በደህና ተሻገርን፣ ልብሳችንን እሳት ላይ አደረቅን፣ ማታ እየተጫወትን እራት በላን። ስለዚያ ቤት አንድ ጊዜም አላሰብኩም።

በ1986 ጥቅምት ላይ ሆስፒታል ተመድቤ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ቀዶ ሕክምና ክፍል እሳት የጎዳው ሰው እንዳይ ተጠራሁ። አልጋው አጠገብ የቆመችው ሴት አተኩራ አየችኝ። «የዚያን ቀን ዝናብ ይዟቸው የመጡት ዶክተር አይደሉም?» አለች። አልጋው ላይ ያለችው ልጅቷ ነበረች። ግራ እጇ እስከ አንጓው የለም። የፊቷ ግማሽ ተቃጥሏል። ጥሏት ምድጃው ውስጥ ነው የወደቀችው። ቤት ውስጥ የነበረው የአጎቷ ልጅ ለሃጯ ይጋባብኛል ብሎ ፈርቶ አልነካትም። እናቷ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ነው ያወጣቻት።

እናትየዋ ሁሉንም ነገረችኝ፤ ቁጭ ብዬ ስለጠየቅኳት ብቻ። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ነው። «መጀመሪያ ትፈዛለች። አፏን ታላምጣለች። ከዚያ ቀኝ እጇ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ይጥላታል።» ከዚህ የተሻለ የበሽታ ታሪክ ከየትኛውም ተማሪዬ ሰምቼ አላውቅም። ከአንጎል በአንድ ወገን ተነስቶ ወደ ሙሉ አንጎል የሚዛመት የሚጥል በሽታ ነው። ደጃፉ ላይ ቆሜ ያየሁት ማላመጥ መነሻው ነበር።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። ይህን ጥያቄ በመጠየቄ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

«አልጠየቁኝማ» አለች። «ደጅ ላይ ቆመው። ያ ልጅ ደግሞ የጎረቤቴ ልጅ ነው። እሱ እየሰማ ልጄ ይጥላታል ልበል? ማን ያገባታል?»

ፊኖባርቢታል ጀመርንላት። በጊዜውም ዛሬም ርካሽ የሚባል ክኒን ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ መውደቋ በጣም ቀነሰ። እጇ ግን አይመለስም።

ወረቀቱንም አላስተካከልኩትም። ይሄ ነው ለሠላሳ ዓመት የደበቅኩት። ቅጾቹ ገብተው ተቆጥረዋል። የጥናቱ መሪ ፊት ሄጄ «ያን ቤት አልመረመርኩም» ማለት ነበረብኝ። ፈራሁ። ያ ቅጽ «ጤነኛ» እንዳለ ቀረ።

አሁን ያቺ ሬዚደንት የጠየቀችኝን ልመልስ። እንበል፣ አንድ ቦታ 2,000 ሰው አለ። በመጠይቁ 20ው «አለብኝ» ይላል። ሐኪም ሲያያቸው 8ቱ እውነትም የሚጥል በሽታ አለባቸው። እዚህ ላይ ካቆምሽ «8» ብለሽ ታሳትሚያለሽ። አሁን «የለብኝም» ካሉት 1,980 ሰዎች ከአሥር አንዱን፣ 198ቱን መርምሪ። አንድ ታማሚ ብቻ አገኘሽ እንበል። ያ አንድ ሰው ወክሎ የመጣው አሥር ሰው ነው። ቁጥርሽ 8 መሆኑ ቀርቶ ወደ 18 ይጠጋል። መጠይቅሽ ከታመሙት ከግማሽ በላዩን ስቷል ማለት ነው። ይህን የምታውቂው «የለም» ያለውን ቤት ካንኳኳሽ ብቻ ነው።

የኔም ጥናት በየአሥረኛው ቤት ነበር። ያለፍኳት አንዲት ልጅ በስሌቱ ውስጥ አሥር ሰው ነበረች። መድኃኒት የሚመደበው፣ የጤና ባለሙያ የሚሠለጥነው በዚያ ቁጥር ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ በአገራችን በደንብ የተሠራበትን ለማየት ከፈለጋችሁ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ የሠሩትን አንብቡ። እ.ኤ.አ. በ1990 ነው የታተመው። 60,820 ሰው ቤት ለቤት ታይቶ 316 ሰው የሚጥል በሽታ ተገኝቶበታል። ከ1,000 ሰው 5.2 ማለት ነው። ያኔ በአገሪቱ የነርቭ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር። የነርቭ ሕክምና ስፔሻላይዜሽን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። እናንተ ዛሬ ብዙ ናችሁ። መሣሪያውም አለ። አንዳንዴ የሚያሳስበኝም እሱ ነው።

ዛሬ በራውንድ ላይ፣ አልጋ ለአልጋ እየዞርን ስናይ፣ የታማሚው ታሪክ ሳይነገር በፊት የአንጎሉ ፊልም ይነሳል። «ኤምአርአዩ ኖርማል ነው፣ ኢኢጂውም ኖርማል ነው» ትሉኛላችሁ፤ በሽታው የለም እንደማለት። ኤምአርአይ የአንጎልን ምስል ያነሳል፣ ኢኢጂ የአንጎልን ኤሌክትሪክ ይመዘግባል። ሃንስ በርገር የሰውን አንጎል ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። መቶ ዓመት ሞላው። ዛሬም የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች ከግማሽ ገደማው የመጀመሪያ ኢኢጂያቸው ምንም ላያሳይ ይችላል። ጤነኛ ሆኖ ኢኢጂው የሚረበሽም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ዓለም አቀፍ ትርጉም መሠረት፣ ያለ ቅርብ መንስኤ የመጡ፣ ከ24 ሰዓት በላይ የተራራቁ ሁለት መፍዘዞች ወይም መውደቆች ካሉ የሚጥል በሽታ ነው። ይህን የሚነግራችሁ ያየ ሰው ነው። እናት ናት፣ የክፍል ጓደኛ ነው፣ የታክሲ ረዳት ነው። ክብሪት ጭሮ ያሸተተው ሰው ሳይቀር። ክብሪቱ አይጠቅምም፣ ያየው ግን ይጠቅማችኋል።

ስልካችሁንም ብዙ ጊዜ ተቆጥቻለሁ። ታማሚ እያወራ ስልክ የሚነካካ ሐኪም ዛሬም ያናድደኛል። ግን ደግሞ ባለፉት ዓመታት ለዚህ በሽታ ምርመራ ከመጡልን ነገሮች ትልቁ ያው ስልክ ነው። አንዲት እናት ልጇ ሲጥለው በስልኳ የቀረጸችውን ስታሳየኝ ሦስት ቀጠሮ የሚፈጅብኝን በአንድ ደቂቃ አያለሁ። አንዳንዴ የሚጥል በሽታ የመሰለን ከሌላ ምክንያት የሚመጣ መንዘፍዘፍ ይሆናል፣ ለዓመታት ያለ አግባብ ክኒን የዋጠ ሰው እናተርፋለን። ቪዲዮ አምጡ በሏቸው። እንዴት እንደሚቀርጹ፣ ፊቱንና እጆቹን አንድ ላይ እንዲያሳዩ፣ በስም እየጠሩት እንዲቀርጹ አስተምሯቸው።

ሰዉ የያዘውን በሽታ ያውቀዋል፤ የሚጥል በሽታ ብቻ አይደለም። ደምቢያና ፎገራ በጓያ እግራቸው የተያዘ ሰዎችን ሳይ ማንም ምርመራ አላስፈለገውም። ድርቅ ሲመጣ ሌላው እህል ይቃጠላል፣ ጓያ ይተርፋል። ያን ብቻ ለወራት የበላ ጎልማሳ አንድ ጠዋት እግሩ ግትር ብሎ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በሙሉ በምርኩዝ ነው። ገበሬው ምክንያቱን ይነግራችኋል። ለምርመራውም ዛሬ ድረስ ያለን ታሪኩን መስማትና እግሩን ማየት ነው። ሰዉ ያውቀዋል ስል፣ ያቺ እናት «ደህና ነን» ያለችኝን ረስቼ አይደለም። እሷም ታውቅ ነበር። የሚያስነግራት ቦታ ግን አልሰጠኋትም።

ስለዚህ ግቡ። ቤት ውስጥ ግቡ። ቡናውን ጠጡ። ጠያቂው የጎረቤት ልጅ ከሆነ ወደዚያ ቤት ሌላ ጠያቂ ላኩ። «የሚጥል በሽታ አለ ወይ» ብላችሁ አትጀምሩ። «ልጅ የሚፈዝባችሁ አለ? እሳት የነካው አለ? ጠበል የወሰዳችሁት አለ?» በሉ። በሽታውን በስሙ ሳይጠሩት የሚናገሩት ብዙ ነገር አለ። ጠባሳ ካያችሁ ስለ ጠባሳው ጠይቁ፣ መልሱ ቶሎ ከመጣ ደግሞ ሁለተኛ ጠይቁ። ያላያችሁትን ሰው ባዶ ተዉት። ባዶ ሳጥን ያለበት ቅጽ ይዤ ብመጣ ኖሮ ሌላ ሰው ያን ወንዝ ይሻገር ነበር።

ዛሬ ጠዋት ለዚያች ሬዚደንት ደወልኩላት። ከበጀቱ ላይ የኔን አበል አውጪው አልኳት። የመስክ ሥራዋ ጥቅምት ላይ ይጀምራል። «አለ» ያሉትን ቤቶች እሷና ጓደኞቿ ያያሉ። «የለም» ካሉት የሚወጡትን ለኔ ተይልኝ አልኳት። እሺ ብላለች።