ሎየሩ «እስር አልጨምርም» አለኝ

ጥያቄ፦ በጎብኚ ቪዛ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ከገባሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ጥገኝነት ልጠይቅ ብዬ አንድ ሎየር (ጠበቃ) ጋ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ በጥያቄ አደከመኝ። «ይሳካል?» ስለው «ቃል አልገባም» አለኝ። ኬዙ፣ ማለትም የማቀርበው ታሪክ፣ ጠንከር እንዲል «ታስሬ ነበር» የሚል እንጨምር ብዬ ብጠይቀውም እምቢ አለ። አንድ የማውቀው ሰው ደግሞ በግማሽ ዋጋ ያለቀለት ኬዝ ልጻፍልሽ ይለኛል። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ የሚሻልዎት እምቢ ያለዎት ሰው ነው።

የሚወስነው የጥገኝነት መኮንኑ ወይም ዳኛው ነው። «እርግጠኛ ነኝ፣ ያልፋል» የሚልዎት ሰው በእጁ የሌለውን ነገር ነው የሚሸጥልዎት።

እስሩን አልጨምርም ያለው ግብዝ ሆኖ አይደለም። ጠበቃ ውሸት መሆኑን እያወቀ ማስረጃ ካቀረበ ፈቃዱን ሊነጠቅ ይችላል። የእርስዎ ግን ከሱ ይብሳል። የጥገኝነት ማመልከቻው፣ ማለትም ቅጽ አይ-589፣ ላይ ሲፈርሙ «የጻፍኩት ሐሰት ቢሆን በሕግ ልጠየቅ» ማለትዎ ነው። የኬዙን ዋና ነገር ሆን ብለው እንደፈጠሩት ከተወሰነብዎ ግሪን ካርድን ጨምሮ የኢሚግሬሽን ጥቅም እስከ ሕይወትዎ መጨረሻ ሊዘጋብዎ ይችላል። በኋላ ዜጋ ቢያገቡም አያድንዎትም። ያን ቀን ኬዙን የጻፈልዎት ሰው ስልክ አያነሳም።

ደግሞስ መታሰር ግዴታ ነው ያለዎት ማን ነው? በ1987 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያየው አንድ ጉዳይ አለ። ሴትየዋ ከኒካራጓ በጎብኚነት የገባች ናት። የታሰረውና የተሰቃየው ወንድሟ ነበር። ፍርድ ቤቱ፣ አገሬ ብመለስ እጎዳለሁ የሚለው ፍርሃት በቂ መሠረት ካለው ጉዳቱ የመድረስ ዕድሉ ከ50 በመቶ በላይ መሆኑን ማሳየት አያስፈልግም አለ። ከአሥር አንድ ዕድል እንኳ ሊበቃ እንደሚችል ጠቅሷል። ፍርሃቱ ግን በዘር፣ በሃይማኖት፣ በዜግነት፣ በፖለቲካ አመለካከት ወይም የአንድ የተለየ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆን ምክንያት የመጣ መሆን አለበት። ሎየሩ ሁለት ሰዓት የፈለገው ይህንን ነው፤ ያልታሰሩት እርስዎ ምን እንደሚያስፈራዎት።

እኔም ጠበቃ ነኝ፤ ደንበኞቼን እንደዚሁ አሰለቻለሁ። አንድ ጊዜ ሌላ ሰው የጻፈው ኬዝ እጄ ገባ። ልጁ «ሰኔ 10 ቀን 2013 ቤታችን ተፈተሸ» ብሎ ነበር የነገረው። ጸሐፊው «ጁን 10፣ 2013» ብሎ አስገባው። ትክክለኛው ጁን 17፣ 2021 ነው። ስምንት ዓመት ልዩነት! «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት» ያለው ደግሞ የማታ ስምንት ሰዓት ሆኖ ተጽፏል፤ በፈረንጆቹ ግን ከሌሊቱ ሁለት ሰዓት ነው። ልጁ አልዋሸም። መኮንኑ ግን ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ያነባል፣ ከልጁ አፍ ሌላ ይሰማል።

የዘመድ አጠራራችንማ ሌላ ጣጣ ነው። ቅጹ እህት ወንድምዎን በስም ያስዘረዝርዎታል። እርስዎ እህት የለኝም ብለው ሞልተው ኢንተርቪው ላይ «እህቴ ቤት ተደበቅኩ» ይላሉ። የአክስት ልጅ ማለትዎ ነው። እኔም ከላይ «እህቴ» ብዬዎታለሁ፤ አንድ እናት ግን አልወለደችንም። ይህንን ሐበሻ ይረዳዋል፣ መኮንኑ ግን አይረዳውም። ጥገኝነት ቢሮ ለኢንተርቪው የሚቀርቡ ከሆነ አስተርጓሚ ይዘው መሄድ ያለብዎት እርስዎ ነዎት። ጠበቃዎ አስተርጓሚም መሆን አይችልም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ነገር ቀድሞ በወረቀት መስተካከል አለበት።

ሌላው ምስጢር ነው። እዚሁ ሜሪላንድ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሾች ሁላችንም አንድ ካፌ የምንቀመጥባት ከተማ ናት። ጠበቃ የነገሩትን እንዲጠብቅ ሙያው ያስገድደዋል። ኬዝ ጸሐፊን የሚያስገድደው ምን አለ?

ሎየሩንም ቢሆን ዝም ብለው አይመኑት፤ እኔንም ጭምር። ፈቃድ በሰጠው ክፍለ ግዛት የጠበቆች መዝገብ ላይ ስሙን ይፈልጉ። ቢሮው ሜሪላንድ ሆኖ ፈቃዱ የኒውዮርክ ቢሆን አይደንግጡ፤ ኢሚግሬሽን የፌዴራል ሕግ ስለሆነ ይቻላል። ክፍያውን በጽሑፍ ውል ያድርጉት። ጂ-28 የሚባለውን ቅጽ ካልፈረመ መንግሥት ዘንድ ጠበቃዎ ነኝ አላለም። ኖተሪ ፊርማ የሚያረጋግጥ ሰው ነው እንጂ ጠበቃ አይደለም። ዋጋው ከከበደዎት እንደ ካቶሊክ ቻሪቲስ ያሉ ድርጅቶችን ይጠይቁ። እዚያ ጠበቃ ሳይሆኑ በፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና ያገኙ ሰዎችም ሊወክሉዎ ይችላሉ።

አሁን የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። ጥገኝነት በገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት። አራት ወር ቀርቶዎታል። ያለፈበትም የሚስተናገድበት ልዩ ሁኔታ አለ፤ በሱ ግን አይመኩ።

ለዚያ ሰው ፓስፖርትዎን ሰጥተው ከሆነ ዛሬውኑ ይቀበሉት። ባዶ ወረቀት ላይ ፈርመው ከሆነም ለሎየሩ ሳያፍሩ ይንገሩት። ሲሄዱ የሐበሻ ካላንደር ይያዙ። ቀኖቹን በሚያስታውሱበት አቆጣጠር ይንገሩት፤ ወደ ፈረንጅ መመለሱ የሱ ሥራ ነው።