መልስ፦ የሰፈር ውሾች በር ፊት ያለውን ሳር እንዳያቆሽሹ

ሰላም እህቴ። «በረኪና ብደፋም ተመልሰው እዚያው ይጸዳዳሉ» ላልሽው፦ በረኪናውን ተይው። ሳሩን ያቃጥላል፤ ከሽንት ጋር ሲገናኝም ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ውሻ የሚመለሰው ሽታውን ተከትሎ ስለሆነ ዋናው ሥራ ሽታውን ማጥፋት ነው።

ዓይነ ምድሩን ከሥሩ ካለው ስስ አፈር ጋር በአካፋ አንሺና ከጎመን መደብሽ ርቀሽ ቅበሪው። ዝናብ ሳይመጣ ይሁን፤ ጣና ዳር ላሉ ቤቶች ጎርፉ ወደ ሐይቁ ነው የሚወስደው። ሽንት ያረፈበትን ቦታ ወዲያው በአንድ ባልዲ ውኃ አጥቢው። ሰርዶው መሃሉ ደርቆ ዳሩ ክብ ሠርቶ ከለመለመ ያቃጠለው የሽንቱ ናይትሮጅን ነው፤ በዛ ያለ ውኃ ቶሎ ካገኘ ይተርፋል። ግንቡንና የበሩን እግር አቼቶና ውኃ እኩል ቀላቅለሽ እሺው፤ ሳሩ ላይ ግን እንዳይፈስ።

ሚጥሚጣ መበተን ለባሕር ዳር ክረምት አይሆንም፤ አንድ ዝናብ ያጥበዋል፣ የእንስሳቱንም ዓይን ይጎዳል።

ዘላቂው መፍትሔ አጥር ነው። ውሻ ዘሎ የማያልፈው ከፍታ ያለው ሽቦ አቁሚና ከታች 30 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውጭ አጥፈሽ መሬት ላይ በድንጋይ ተጫኚው። ውሻ የሚቆፍረው ከአጥሩ ሥር ነውና እጥፉ ያስቆመዋል። አጥንት ያለበት የቆሻሻ ጆንያም ደጅ አይደር፤ እሱ እያለ አጥሩም ብዙ አይረዳሽም።

መርዝ አስቀምጪ የሚልሽን በፍጹም አትስሚ። ሕፃናት ሊነኩት ይችላሉ፣ የሞተውን ውሻ የሚበላ ጥንብ አንሳም አብሮ ያልቃል።